ስልኩ ኩርባውን ከየት ያመጣዋል?

ወደ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አዳራሽ ካልኩሌተር ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስልክም ስማርት ሰዓትም እንዲሁ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ አብዛኛው ተፈታኝ ከቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደረ ስለሚፈተን ፍተሻው ከግቢው በር ይጀምራል። እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ይገባሉ፤ ሌላው ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ካልሆነ አይገባም። ታዲያ እንደ ደምበጫ ባለች የአማራ ክልል ከተማ ላለ ተማሪ ግራፍ ስለሚስል ካልኩሌተር ማውራት ምን ይፈይዳል?

ይፈይዳል፤ ምክንያቱም ፈተናው አዳራሽ ውስጥ የሚያልፈው በጥቂት ሰዓት ቢሆንም ዝግጅቱ ዓመት ሙሉ በየቤቱ ነው። ማታ እራቱ ተበልቶ መሶቡ ከተነሣ በኋላ ባዶ የሚሆነው ጠረጴዛ ላይ የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎች ፎቶ ኮፒ ይዘረጋል፤ አጠገቡ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ አለ። ያ ስልክ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ጂኦጀብራ ወይም ዴስሞስ የሚባለው በነጻ የሚገኝ መተግበሪያ ከተጫነበት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ዶላር በላይ የሚሸጠው ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር የሚሠራውን ይሠራል፤ ስክሪኑማ ይበልጠዋል። ሁለቱም አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት በአማራ ክልል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ልጅ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሄዶ ያወረደውን ለጓደኞቹ ከስልክ ወደ ስልክ ሊያሻግርላቸው ይችላል።

በብሔራዊ ፈተናው ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ለውጤቱ ማነስ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የተዘጋው ትምህርት ቤት፣ ጦርነቱ። እነዚህን ስልክ አይፈታቸውም። እዚህ የምናወራው ስለ አንዲት ጠባብ ጉዳይ ነው፦ ፎርሙላውን ሸምድዶ መልኩን ግን አይቶት ስለማያውቅ ተማሪ።

መጀመሪያ ማሽኑን እንክፈተው። የመጀመሪያው ግራፍ የሚስል የእጅ ካልኩሌተር የካሲዮ ኤፍኤክስ-7000ጂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየክፍሉ የሚታየው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-84 ፕላስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጂኦጀብራ እ.ኤ.አ. በ2001 ኦስትሪያ ውስጥ በሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ማርኩስ ሆሄንቫርተር የጀመረው ሥራ ነው። ዕድሜያቸውና ዋጋቸው ይለያይ እንጂ አሠራራቸው ሥሩ አንድ ነው፣ ደግሞም የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። ማሽኑ ኩርባ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ነጥብ ብቻ ነው።

ቲአይ-84ን እንውሰድ፤ ስክሪኑ ሻካራ ስለሆነ ምስጢሩን አይደብቅም። ግራፍ የሚሥልበት ቦታ በወርድ 95 አምድ ነው። መደበኛው መስኮት ከ−10 እስከ 10 ስለሆነ፣ በ95ቱ አምዶች መካከል ያሉት 94 ክፍተቶች 20ውን ይካፈሉታል፤ አንዱ እርምጃ 0.2128 ገደማ ይሆናል። ተማሪዋ «ዋይ = ኤክስ² − 5ኤክስ + 6» ብላ ስትጽፍ ማሽኑ ከግራ ጫፍ ይነሣል። ኤክስን −10 ያደርግና ዋይን ያሰላል፤ በዚያ አምድ ላይ ለዋይ የሚቀርበውን ነጥብ ያጠቁራል። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ስሌት፣ እንደገና ነጥብ። ዋይ ከስክሪኑ በላይ ወይም በታች ከወጣ ነጥብ ሳያጠቁር ያልፋል። ጎረቤት ነጥቦችን በመስመር እያያያዘ ይህን 95 ጊዜ ይደግማል። እኛ ጎበጥ ያለ ነገር እናያለን፤ እሱ ግን የሠራው ተማሪ በደብተሯ ላይ የኤክስና የዋይ ሠንጠረዥ ሠርታ ነጥብ ከምትተክለው የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ትዕግሥቱና ፍጥነቱ ነው።

ኩርባው የኤክስን መስመር የሚቆርጥበትን ቦታ «አግኝልኝ» ስንለውስ? እዚህም ፋክተር አያደርግም፤ የሚፈልገው የምልክት ለውጥ ነው። ኤክስ 1.915 ሲሆን ዋይ 0.09 ገደማ ነው፤ ከዜሮ በላይ። በሚቀጥለው አምድ ኤክስ 2.128 ሲሆን ዋይ −0.11 ገደማ ነው፤ ከዜሮ በታች። ስለዚህ ዜሮው በሁለቱ መካከል አለ። መካከላቸውን ይሞክራል፤ 2.021 ላይ ዋይ −0.02 ነው፤ እንግዲያው ዜሮው ከ1.915 እስከ 2.021 ባለው ውስጥ ነው። እንደገና ግማሹን ይሞክራል፤ እንደገና። አሥር ጊዜ ሲከፍለው የፍለጋው ቦታ ከአንድ ሺሕ ጊዜ በላይ ይጠብባል። ተማሪዋ ግን «(ኤክስ − 2) በ(ኤክስ − 3)» ብላ በአንድ መስመር 2 እና 3 ትላለች። እሷ ትክክለኛውን መልስ አገኘች፤ ማሽኑ በጣም የቀረበውን አገኘ። ኋላ ላይ እንደምናየው ይህ ልዩነት አንዳንዴ ዋጋ ያስከፍላል።

የጠረጴዛው ጥያቄ እዚህ አይቆምም። የጎረቤት ልጅ እንዲህ ብላኛለች፦ «እሺ ጋሼ፣ ኤክስ ስኩዌር ማባዛት ነው፤ ይገባኛል። ሳይን 30ን ግን ምን አባዝቶ ያመጣዋል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የሒሳብ መጽሐፋችን መጨረሻ ላይ የሳይንና የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ አለ፤ ብዙ ሰው ካልኩሌተርም ውስጡ ያ ሠንጠረዥ የተጻፈበት ይመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ጃክ ቮልደር የተባለ መሐንዲስ ለአንድ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የአቅጣጫ መሣሪያ ሲሠራ ኮርዲክ የሚባል ዘዴ አመጣ፤ በ1959 አሳተመው። የመጀመሪያው የኪስ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ኤችፒ-35 እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ ይህንኑ ዘዴ ይዞ ወጣ።

ዘዴው ደምበጫ ገበያ ላይ በርበሬ በሚዛን ድንጋይ የሚመዝን ነጋዴ የሚያደርገውን ነው። ነጋዴው ትልቁን ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ሲበዛበት ያነሣል፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ የሩቡን ግማሽ እያለ ሚዛኑ እስኪተካከል ወዲያና ወዲህ ያደርጋል። ኮርዲክም በመሠረታዊ መልኩ የራሱ «ድንጋዮች» አሉት፤ ታንጀንታቸው 1፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ የሚወርድ ማዕዘኖች ናቸው፦ 45 ዲግሪ፣ 26.57፣ 14.04፣ 7.13፣ 3.58፣ 1.79 እያሉ። 30 ዲግሪ ሲጠየቅ በ45 ይጀምራል። በዛ፤ 26.57 ይቀንሳል፣ 18.43 ይሆናል። አነሰ፤ 14.04 ይጨምራል፣ 32.47። በዛ፤ 7.13 ይቀንሳል፣ 25.35 ገደማ። ይጨምራል 28.92፣ ይጨምራል 30.71፣ ይቀንሳል 29.82። እንዲህ እያለ ወደ 30 ይጠጋል። በየእርምጃው አንድን ነጥብ በዚያው ማዕዘን እያዞረ ይሄዳል፤ ሲጨርስ የነጥቡ ከፍታ 0.5 ላይ ያርፋል፤ እሱ ነው ሳይን 30።

ለምን እነዚያን ማዕዘኖች መረጠ? ግማሽና ሩብ በማድረግ ማዞር ለማሽኑ ርካሽ ስለሆነ ነው። ቁጥርን በ0 እና በ1 ለሚይዝ ማሽን ለ2 ማካፈል ማለት አኃዞቹን አንድ ቤት ወደ ቀኝ ማንሸራተት ብቻ ነው። ማባዛት የለም፤ ማንሸራተትና መደመር ነው። በየመዞሩ ነጥቡ ትንሽ ወደ ውጭ ስለሚለጠጥ ግን ከ1 ሳይሆን ከ0.6073 ያስነሱታል፤ ልጥጡ ሲያልቅ ልክ ይመጣል። ይህን ለፈተና ማወቅ አያስፈልግም። ለልጅቱ የነገርኳት ስለጠየቀች ነው፤ የጠየቀን ልጅ «ፈተና ላይ አይወጣም» ብሎ መመለስ ነውር ነው።

አሁን ወደሚያስፈልገው እንሂድ፤ ማሽኑ መቼ ይዋሻል? ነጥብ እንጂ ኩርባ አያውቅም ካልን፣ በሁለት ነጥብ መካከል ያለውን አያይም ማለት ነው። ውሸቶቹ ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ፤ የፈተና ጥያቄ አውጪ ደግሞ የሚወደው ልክ እነዚህን ቦታዎች ነው።

«(ኤክስ² − 4) ሲካፈል ለ(ኤክስ − 2)» የሚለውን ቲአይ-84 ላይ በመደበኛው መስኮት ብትሥሉት ምንም ያልጎደለው ቀጥ ያለ መስመር ይመጣል፤ ልክ «ኤክስ + 2» ይመስላል። ግን ኤክስ 2 ላይ ፈንክሽኑ የለም፤ ቀዳዳ ነው። ማሽኑ ለምን አላየውም? አምዶቹ 1.915 ላይና 2.128 ላይ ቆሙ፤ 2ን ራሱን ረግጠውት አያውቁም። ሊሚቱ 4 መሆኑን፣ ዶሜይኑ ግን 2ን እንደማይጨምር የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ጂኦጀብራም መስመሩን ሙሉ አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ።

«1 ሲካፈል ለ(ኤክስ − 2)» ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ያጠፋል። 1.915 ላይ ዋይ −11.75 ነው፤ 2.128 ላይ 7.83 ነው። ማሽኑ ጎረቤት ነጥቦችን ማያያዝ ልማዱ ስለሆነ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ይሰነዝራል። ተማሪው ያንን መስመር አሲምፕቶቱ ነው ይላል። አይደለም፤ ስሕተት ነው፤ እንደ አጋጣሚ አሲምፕቶቱ ባለበት ሰፈር የተሠራ ስሕተት። የአሁኖቹ የስልክ መተግበሪያዎች ነጥብ ስለሚያበዙና ዝላዩን ስለሚጠረጥሩ ይህን አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክሉታል። አሮጌው ማሽን ግን ሲሳሳት የበለጠ ያስተምራል፤ እኔ ለዚህ እወደዋለሁ።

ከሁሉም የሚያስገርመው ሳይን ነው። ቲአይ-84 የትሪጎኖሜትሪ መስኮት የሚባል አለው፤ በዚያ መስኮት የአንዱ አምድ እርምጃ ፓይ ሲካፈል ለ24 ነው። እዚያ ላይ «ሳይን 48ኤክስ» ሣልልኝ ብትሉት ዜሮ ላይ የተኛ ጠፍጣፋ መስመር ያመጣል። በየእርምጃው 48 በፓይ ሲካፈል ለ24፣ ማለትም 2ፓይ ይዘላል፤ ሳይን ደግሞ በየ2ፓይው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማሽኑ በቆመበት ሁሉ ዜሮ አገኘ፤ በመካከል ያለውን መርመስመስ አንድም ጊዜ አላየም። «ሳይን 49ኤክስ» ብትሉት ደግሞ ረጋ ያለ ተራ «ሳይን ኤክስ» ሥሎ ይሰጣችኋል። ማመን የሚያቅተው በወረቀት ይሞክረው።

አሁን ለዚህ ጽሑፍ ዋና ወደምለው ምሳሌ ደረስን። ጥያቄው ይህ ነው፦ «ኤክስ² = 2 ፓወር ኤክስ» ስንት ሪል መፍትሔ አለው? ጎበዝ ተማሪ ቁጥር ይሞክራል። ኤክስ 2 ሲሆን 4 እና 4፤ ይሠራል። 3 ሲሆን 9 እና 8፤ አይሠራም። 4 ሲሆን 16 እና 16፤ ይሠራል። «ሁለት» ብሎ ያጠቁራል። ሌላው ተማሪ ስልኩን ከፍቶ ሁለቱንም ግራፍ ከ−10 እስከ 10 ባለው መስኮት ይሥላል፤ ሁለት መገናኛ ያያል፤ እሱም «ሁለት» ይላል። ሁለቱም ተስማሙ፤ ሁለቱም ተሳሳቱ። ስልኩ ያያቸው ሁለቱ 2 እና −0.77 ገደማ ናቸው፤ በ4 ላይ ያለው መገናኛ ከፍታው 16 ስለሆነ ከመስኮቱ ጣሪያ በላይ ቀርቷል። የመጀመሪያው ተማሪ ደግሞ ወደ ኔጌቲቭ ሰፈር ዞር ብሎ አላየም። ትክክለኛው መልስ ሦስት ነው።

አዳራሽ ውስጥ ስልክ የለም፤ ይህን በእርሳስ እንዴት ማየት ይቻላል? ሁለት ንድፍ ይበቃል። ኤክስ² በሁለቱም በኩል የሚወጣ ጎድጓዳ ነው። 2 ፓወር ኤክስ በግራ ወደ ዜሮ ተጠግቶ የሚሳብ፣ በ1 አልፎ በቀኝ የሚተኮስ ነው። ኤክስ ዜሮ ላይ ኤክስ² ዜሮ ነው፣ ሌላው 1 ነው፤ ኤክስ −1 ላይ ኤክስ² 1 ነው፣ ሌላው ግማሽ ነው። ማነስና መብለጡ ተገለበጠ፤ እንግዲያው በ−1 እና በ0 መካከል ተገናኝተዋል። ማሽኑ ዜሮ የሚፈልግበት የምልክት ለውጥ ማለት ይኸው ነው፤ ያለ ባትሪ ሠራነው። 65 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ሲሰጥ በነበረባቸው የቀደሙ የሒሳብ ፈተናዎች ለአንድ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ይህ ንድፍ አንዱን ደቂቃ እንኳ አይጨርስም፤ ግን እጅ ለምዶት ከሆነ ነው።

እጅ የሚለምደው ደግሞ በአንድ ሥርዓት ነው፤ ለልጅቱም ያልኳት ይህንኑ ነው። «መጀመሪያ አንቺ ሣይው፤ ከዚያ እሱ ይሣለው።» ስልኩ ተዘግቶ ይቀመጣል። ጥያቄው ይነበባል፤ ግራፉ በእርሳስ በግርድፉ ይነደፋል፤ የት እንደሚቆርጥ፣ የት እንደሚያዘቀዝቅ፣ የት እንደሌለ ይጻፋል። ከዚያ ስልኩ ይከፈታል። ከተመሳሰሉ ወደሚቀጥለው። ካልተመሳሰሉ ሥራው ገና አሁን ተጀመረ፤ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፣ የትኛው እንደሆነ መናገር ያለባት ልጅቱ ናት። ስልኩ ቀድሞ ከተከፈተ ዓይን «አዎ፣ እንደዚህ ነው ያሰብኩት» ይላል፤ ዓይን እንደዚህ ነው፣ ያላሰበውን እንዳሰበው ያደርጋል።

ስልኩ ከመጽሐፍ የሚበልጥበት አንድ ቦታ ስላይደር ነው። «ዋይ = ኤ(ኤክስ − ኤች)² + ኬ» ብላችሁ ጻፉ፤ ጂኦጀብራ ለኤ፣ ለኤችና ለኬ የሚጎተት ስላይደር ያወጣል። ኤችን በጣት ጎትቱት፤ ኩርባው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ውስጡ ያለው ምልክት ግን መቀነስ ነው። ይህን «ለምን ተገለበጠ?» የሚያሰኝ ነገር መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሦስት ግራፍ ሥሎ ያስረዳል፤ በሰባና በሰማንያ ተማሪ ክፍል ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው አላየውም። በጣት ሲጎትተው ግን ራሱ ያገኘዋል። «ኤ»ን ከ1 ወደ −1 ሲያሳልፈው ኩርባው ተጠፍጥፎ ይገለበጣል፤ ዜሮ ላይ ሲደርስ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ያያል። ያንን ያየ ልጅ «ኤ ዜሮ መሆን የለበትም» የሚለውን ሁኔታ አይሸመድደውም። ይህን ልምምድ በአብሶሉት ቫልዩ፣ በ1 ሲካፈል ለኤክስ፣ በሎግ፣ በፓወርና በሳይን ላይ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእነዚህ መንቀሳቀስ፣ መገልበጥና መለጠጥ ነው።

ስልኩ የማያስተምረው ደግሞ ስሌቱን ራሱን ነው። ካልኩሌተር በሌለበት ፈተና √2 1.414፣ √3 1.732፣ ሎግ 2 0.301 ገደማ መሆኑ፣ እስከ 25 ያሉ ቁጥሮች ስኩዌር በቃል መሆኑ ጊዜ ያድናል። አንድ ምልክት ደግሞ ያዙ፤ በእጅ የሚሠራ ፈተና ላይ ጥያቄው ረጅም፣ አስቀያሚ ማካፈል ውስጥ ከከተታችሁ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ስታችኋል ማለት ነው። አውጪው በእጅ እንደሚሠራ ያውቃል። ምርጫዎቹን አይታችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ለዚህም ነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ወንድሙን ሳይንቲፊክ ካሲዮ ተውሶ ወርክሺት የሚሠራውን ልጅ የማልመክረው። ያ ማሽን ቁጥሩን ያቀብላል፤ መልኩን አያሳይም። ፈተና ላይ የሚጎድለው ደግሞ ልክ እሱ ያቀበለው ነው። ግራፍ የሚሥለው መሣሪያ ግን የሚሰጠው ነገር ጭንቅላት ውስጥ ሊቀር የሚችል ነው፤ ሥዕል።

ነገሩ የሚገለበጥበት አንድ ፈተና አለ። ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት የሚወሰደው የኮሌጅ ቦርድ ኤስኤቲ ነው፤ በእኛው ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ካለው አፕቲትዩድ ጋር አይምታታ። ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተፈታኞች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል። ሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው፤ 22 ጥያቄ በ35 ደቂቃ፣ ከዚያ እንደገና 22 በ35። የሁለተኛው ክፍል ክብደት በመጀመሪያው ላይ በሠራችሁት ይወሰናል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካልኩሌተር ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ብሉቡክ የሚባለው የፈተናው መተግበሪያ ዴስሞስን ውስጡ ይዟል። ከደምበጫ ተነሥቶ ይህን ለመውሰድ አዲስ አበባ መውረድ ይጠይቃል፤ ክፍያውም በዶላር ነው። ለሚችል ወይም ክፍያውን የሚሸፍንለት ላገኘ ግን ብሉቡክ ላይ ያሉት የልምምድ ፈተናዎችና የካን አካዳሚ ትምህርት ነጻ ናቸው።

እዚያ ዴስሞስ በእውነት ክንድ ነው። ሁለት እኩልታ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ሁለቱንም መጻፍ፣ መገናኛቸውን መንካት፣ ማንበብ። የነጥብ ሠንጠረዥ ተሰጥቶ የተሻለውን መስመር ሲጠይቅ ከእኩል ምልክት ይልቅ የማዕበሏን ምልክት (~) መጻፍ፤ ዴስሞስ ራሱ ያሰላዋል። ግን እዚያም ሁልጊዜ እሱን መጥራት ጊዜ መጣል ነው። «ኤክስ² + ኬኤክስ + 9 = 0 አንድ መፍትሔ ብቻ የሚኖረው ለየትኛው ኬ ነው?» ሲባል ስላይደር መጎተት ይቻላል፤ ኩርባው መስመሩን በ6 እና በ−6 ሲነካ ይታያል። ዲስክሪሚናንቱን የሚያውቅ ግን ኬ² − 36 = 0 ብሎ ስላይደሩ ገና ሳይከፈት ጨርሷል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ዴስሞስ ኤክስንና ዋይን ይሰጣል፣ ጥያቄው የሚፈልገው «ኤክስ + ዋይ» ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ጥያቄውን አላነበበም። ኮምፒውተሩ በመካከል ኢንተርኔት ቢቋረጥበት ፈተናው ይቀጥላል፤ ኢንተርኔት የግድ የሚያስፈልገው ሲጀመርና መልስ ሲላክ ነው። ባትሪው ግን የእናንተ ኃላፊነት ነው፤ ቻርጀር ያዙ።

ስለ ቅንብሩ አንድ ነገር ሳልናገር ላልፍ አልችልም፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነውና። ዴስሞስም ሆነ ሌላው ማዕዘንን በዲግሪ ወይም በራዲያን ይቀበላል። ራዲያን ላይ ሆኖ «ሳይን 30» ብትሉት 0.5 ሳይሆን −0.988 ይላችኋል። አልተበላሸም፤ የጠየቃችሁትን ነው የመለሰው። ግራፍ ሲሣል ደግሞ ስሕተቱ ቁጥር ሆኖ ስለማይታይ የባሰ ነው፤ የሚያምር ግን ሌላ ሥዕል ነው የሚመጣው።

ለዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። «ሳይን ኤክስ = ኤክስ ሲካፈል ለ10» ስንት መፍትሔ አለው? ስልኩን ሳትከፍቱ የሳይንን ማዕበል ንደፉ፤ በዜሮ የሚያልፍ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ቀጥ ያለ መስመር ጨምሩበት። ሳይን ከ1 በላይ አይወጣም፣ ከ−1 በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ከ−10 እስከ 10 ካለው ውጭ መፈለግ አያስፈልግም። መገናኛዎቹን ቁጠሩና ጻፉ፤ ከዚያ ስልኩን ክፈቱ። መልሱ 7 ነው። ስልኩ ዜሮ ላይ ያለውን አንድ መገናኛ ብቻ ካሳያችሁ ግን ንድፋችሁን አትሰርዙ፤ ቅንብሩ ውስጥ ግቡና ዲግሪውን ወደ ራዲያን ቀይሩት።